አንድ ሰው ሦስት ሰው የሆነበት ዓርብ

ይህን ታሪክ ስጀምር ሰው ሁሉ ስለ ኮምፒውተር የማወራ ይመስለውና ጆሮውን ይነሳኛል። እናንተ ግን ትንሽ ታገሱኝ። የማወራችሁ ስለ አንዲት ወላድ፣ ስለ አንዲት መርፌ የምትፈራ ተማሪ እና ስለ አንድ የበር ጥበቃ ነው። ኮምፒውተሩ መሐል የገባው እኔ ስላስገባሁት ነው፤ እንዲያውም ጉዳዩን ሊያበላሽብኝ ትንሽ ነበር የቀረው።

መዲና እባላለሁ። ነገሩ የሆነው በ2006 ወይም በ2007 ዓ.ም. ግድም ነው። ያን ጊዜ ሃያ አራት ዓመቴ ሲሆን ከሚሴ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ የኮምፒውተር መምህርት ነበርኩ። ያደግሁት ሐርቡ ነው። ሐርቡ ከከሚሴ ሩቅ አይደለም፤ ቢሆንም የከሚሴ ሙቀትም ቋንቋም አዲስ ሆነብኝ። ገበያ ስወጣ ነጋዴው ወሬውን በአማርኛ ይጀምርና በኦሮምኛ ይጨርሰዋል፤ እኔም የገባኝን ያህል ይዤ እመለሳለሁ። በልቤ «እዚህ ሁለት ዓመት ብቆይ ነው፤ ከዚያ ወደ ትልቅ ከተማ እዛወራለሁ» እል ነበር።

የማስተምረው ደብዳቤ አጻጻፍና ሠንጠረዥ አሠራር ነው። ከክፍል ስወጣ ግን ሌላ ሱስ ነበረብኝ። የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ በፍላሽ የሰጠችኝ አንድ መጽሐፍ ነበር፤ ፓይተን ስለሚባል የፕሮግራም ቋንቋ የሚያስተምር። አጥኚው ብሎ ያዘዘኝ የለም፤ ይጠቅመኛል ብዬም አላሰብኩም። አንድ መስመር እጽፋለሁ፣ ማሽኑ ያልጠበቅሁትን ይመልስልኛል፣ «ለምን?» እያልኩ ምሳዬን እረሳለሁ። ባልደረቦቼ «መዲና ከማሽኑ ጋር ኒካሕ አስራለች» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

የመጽሐፉ ልምምድ ስለ ፍራፍሬና ስለ አትክልት ነው። እኔ ደግሞ የማውቃቸው ሰዎች ያሉበት ልምምድ አማረኝ። በዚያ ዓመት የጤና ክበባችን የከተማውን ሆስፒታል የላቦራቶሪ ባለሙያ ሰይድን ጠርቶ ፈቃደኛ የሆነው ሁሉ የደም ዓይነቱን ተመርምሮ ነበር። ሰይድ ጣት ይወጋል፣ እኔ እመዘግባለሁ። በኋላ ያን መዝገብ እንዳለ ወደ ፓይተን ገለበጥኩት። አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው፣ በእጄ፣ ስም በስም።

የጻፍኩት ዝርዝር ውስጥ ዝርዝር አድርጌ ነው። ትልቁ ዝርዝር ኮሌጁ ነው። እሱን ስትከፍቱት የትምህርት ክፍሎች ታገኛላችሁ። አንዱን የትምህርት ክፍል ስትከፍቱ ሴክሽኖች አሉ፤ ሴክሽኑን ስትከፍቱ ሰዎች። እያንዳንዱም ሰው አጭር ዝርዝር ነው፦ መጀመሪያ ስሙ፣ ሁለተኛ የደሙ ዓይነት፣ ሦስተኛ ስልኩ። ጽፌ ስጨርስ ደስ አለኝና ዘጋሁት። ለምን እንደሚሆን አላወቅሁም።

ዕለቱ ዓርብ ነው። ረፋዱ ላይ መብራት ጠፋ። ግቢው ጭር ብሏል፤ ገሚሱ ለጁምዓ ሶላት ሊዘጋጅ ሄዷል፣ ገሚሱ ለቅዳሜና እሑድ ወደየቤቱ ተሳፍሯል። እኔ ቢሮ ቁጭ ብዬ የፈተና ወረቀት ሳርም ስልኬ ጮኸ። ሰይድ ነው።

«አሰላሙ ዐለይኩም መዲና። የት ነሽ?»

«ወዐለይኩመሰላም። ቢሮ ነኝ። ምነው? ድምፅህ…»

«ያ የደም ዝርዝር፣ ያኔ የጻፍሽው፣ አሁንም አለሽ?»

«አለኝ።»

«አልሐምዱሊላህ! የኔ ወረቀት ክረምት ረጥቦ ቀለሙ ተደበላልቋል። ስሚኝ፣ አንዲት እናት ከጨፋ ሮቢት ወዲያ ካለ ቀበሌ መጥታ ጠዋት እዚህ ወለደች። ሕፃኗ ደህና ናት። እናቲቱ ግን ደሙ አልቆም አላት። ፋጡማ ትባላለች። የደም ዓይነቷ ኦ ኔጌቲቭ ነው።»

«ዘመድ የላትም?»

«ባሏንም እናቷንም መረመርኩ፤ አንዳቸውም አይሆኑም። ከኦ ኔጌቲቭ ሰው ውጭ ለሷ የሚሆን የለም። ደሴ ደም ባንክ ደወልን፤ ዛሬ ይሄ ዓይነት ደም የለንም አሉ። ከሌላ ቦታ ተፈልጎ እስኪመጣ ይመሻል።»

«እስኪመሽ ትቆያለች?»

«አይመስለኝም። ቢያንስ ሁለት ሰው እፈልጋለሁ» አለኝ። «ወደ መስጊድ ሰው ልከናል፤ ኢማሙ ከሶላቱ በኋላ ለሕዝቡ ይናገራሉ። ግን ዓይነቱን የማያውቅ ሰው ሁሉ ተሰልፎ እስኪመረመር ጊዜ ይሄዳል። የሚታወቅ ሰው ቢገኝ ነው የሚሻለው። ባልሽበት ሆነሽ ፈልጊልኝ እህቴ፣ ሞተር እልካለሁ።»

ሰዓቴን አየሁ፤ አምስት ተኩል አልፏል። ላፕቶፔን ከፈትኩ። ባትሪው ያረጀ ነው፤ ያለ መብራት ሲበዛ አርባ ደቂቃ ቢቆይ ነው።

እዚህ ላይ «ለምን በዓይንሽ አልፈለግሽም?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ልክ ናችሁ። ፋይሉን ከላይ እስከ ታች አንብቦ መጨረስ ይቻል ነበር፤ በኮምፒውተሩ የፍለጋ ቁልፍ አንድ በአንድ እየዘለሉ መሄድም ይቻል ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ትዝም አላለኝ። ወራት ሙሉ እጄን ያስለመድኩት ፕሮግራም መጻፍ ነው፤ ሰው በጭንቅ ሰዓት እጁ የለመደውን ያደርጋል።

ቶሎ ቶሎ ጻፍኩ። ፓይተን ላይ «ፎር» የሚባል ትእዛዝ አለ፤ ዝርዝሩን ከፍቶ በውስጡ ያለውን አንድ በአንድ ያወጣል። «ኢፍ» የሚባለው ደግሞ ለወጣው ሁሉ ጥያቄ ያቀርባል። የኔ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ሁለተኛ ቦታ ላይ ያለው ኦ ኔጌቲቭ ነው?» አዎ ከሆነ ስሙን ያሳየኛል፤ ካልሆነ ያልፈዋል። አስነሳሁት።

ምንም የለም። ባዶ። ስሕተት አለብሽ እንኳ አላለኝም።

ከአራት መቶ ሰው አንድ እንኳ? ሊሆን አይችልም፤ ስመዘግብ «ይሄ ብርቅ ዓይነት ነው» ብሎ ሰይድ ያሳየኝ ሰው እንደነበረ አስታውሳለሁ። የጻፍኩትን ጮክ ብዬ ለራሴ አነበብኩት፤ «ኮሌጁን ክፈት፣ ሰውየውን አውጣ…» ቆይ! ኮሌጁን ስከፍት የሚወጣው ሰው አይደለም፤ የትምህርት ክፍል ነው። እኔ በጥድፊያ አንድ «ፎር» ብቻ ጽፌ የትምህርት ክፍሉን እንደ ሰው ቆጥሬዋለሁ። የትምህርት ክፍልን የደምህ ዓይነት ምንድን ነው ብዬ ጠይቄዋለሁ! የትምህርት ክፍል ሁለተኛ ቦታ ላይ ያለው ሁለተኛው ሴክሽን እንጂ ደም አይደለም። ማሽኑ «አይደለም፣ አይደለም» እያለ ሁሉንም አልፏቸዋል።

የጎደሉትን ሁለት «ፎር» ጨመርኩ። የመጽሐፉ ደራሲ «ስንት ነገር እንዳየህ ሁልጊዜ ቁጠር» ስለሚል፣ መጨረሻ ላይ ያየውን ሰው ብዛት እንዲነግረኝ አንድ መስመር አከልኩ። አስነሳሁት። አምስት ስም ወጣ! ከሥራቸው የሆነ ቁጥር ነበር፤ አላየሁትም። ስልኬን አንስቼ መደወል ጀመርኩ።

የመጀመሪያዋ ተመርቃለች፤ ስልኩን እናቷ አነሡት። «ዐረብ አገር ሄዳለች ልጄ፣ ምነው፣ ክፉ ነገር አለ?» አሉኝ። ሁለተኛው ለልምምድ ባቲ ነው ያለው። «አሁኑኑ እነሳለሁ መምህር» አለኝ፤ ግን ከባቲ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ ከሚሴ፣ በዓርብ ትራንስፖርት! የሦስተኛው ስልክ ተዘግቷል። የአራተኛው ቁጥር አገልግሎት ላይ አይደለም። አምስተኛዋ ሐያት ናት፤ የሁለተኛ ዓመት ተማሪዬ፣ ክፍል ውስጥ ድምፅዋ የማይሰማ። ማደሪያዋ አገኘኋት።

ነገሩን ነገርኳት።

«ሐያት? እየሰማሽኝ ነው?»

«መርፌ እፈራለሁ መምህር። ያኔ ጣቴን ሲወጉኝ እንኳ ወድቄ ነበር።»

«አስታውሳለሁ። አላስገድድሽም።»

«ሴትዮዋን አውቃታለሁ?»

«አታውቂያትም። እኔም አላውቃትም። ሕፃኗ ዛሬ ጠዋት ነው የተወለደችው።»

ትንፋሿ ይሰማኛል። «እሺ፤ ጫማዬን ላድርግ» አለች።

ሞተሩ መጥቶ ወሰዳት። አንድ ሰው ተገኘ፤ አንድ ቀረ። ሦስተኛውን ቁጥር ደጋግሜ ሞከርኩ፤ ዝግ ነው። ተመልሼ ላፕቶፑ ፊት ተቀመጥኩ። የባትሪው ምልክት ቀይ ሆኗል። ምን እንደማደርግ ሳላውቅ አምስቱን ስሞች አፍጥጬ ሳያቸው፣ ከሥር ያለችው ቁጥር ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔ ውስጥ ገባች።

አራት መቶ ሃምሳ።

የመዘገብኩት አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ነው። ማሽኑ ያየሁት አራት መቶ ሃምሳ ሰው ነው ይላል። ሰላሳ ስምንት ሰው ከየት መጣ?

ቢጎድል ይገባኛል፤ የረሳሁት አለ እላለሁ። እንዴት ይበዛል? ያልጻፍኩትን ሰው ማሽኑ ከየት ይወልዳል? እውነት እላችኋለሁ፣ በዚያ ሰዓት ሴቲቱንም፣ ሰዓቱንም፣ ባትሪውንም ለአፍታ ረሳሁ። ያ «ለምን?» የሚለው ነገሬ ያዘኝ። አንድ ሐሳብ «ተይው፣ ሂጂ መስጊድ በር ላይ ቆመሽ ፈልጊ» ይለኛል። ሌላው «ይቺ ቁጥር የምትነግርሽ ነገር አለ» ይለኛል። የ«ኢፍ»ን ጥያቄ አጠፋሁና «ያየኸውን ሁሉ፣ አንድም ሳታስቀር፣ በየመስመሩ አሳየኝ» ብዬ አዘዝኩት።

ስሞች እንደ ጎርፍ ወረዱ። የማውቃቸው ተማሪዎች፣ መምህራን፣ ሁሉም በየመስመራቸው ስም፣ የደም ዓይነት፣ ስልክ ይዘው። እስከ መጨረሻው ደህና ነው። መጨረሻው ላይ ግን መስመሮቹ አጠሩ። አንዱ መስመር ላይ የወጥ ቤት ሠራተኛዋ ስም ብቻ። ቀጣዩ መስመር ላይ «ኤ ፖዘቲቭ» ብቻ። ቀጣዩ ላይ ስልክ ቁጥር ብቻ። እንደገና ስም ብቻ፣ ደም ብቻ፣ ስልክ ብቻ።

ገባኝ። ጭንቅላቴን ይዤ ሳቅሁም፣ ደነገጥሁም። የድጋፍ ሰጪ ሠራተኞቹ ናቸው፤ ወጥ ቤቶቹ፣ ጽዳቶቹ፣ አትክልተኛው፣ ጥበቃዎቹ። ሴክሽን የላቸውም። ስጽፋቸው ሴክሽኑን ዘልዬ ሰዎቹን በቀጥታ ደርድሬያቸው ነበር። የኔ ሦስተኛ «ፎር» ግን ሴክሽን የሚከፍት መስሎት ሰውየውን ራሱን ከፈተው። ስሙን ለብቻው ሰው አደረገው፣ ደሙን ለብቻው ሰው፣ ስልኩን ለብቻው ሰው። አሥራ ዘጠኝ ሰዎች ሃምሳ ሰባት ሆነዋል። ትርፉ ሰላሳ ስምንት! ቅድም ሰውን ያጣሁት ሳልደርስበት ቆሜ ነው፤ አሁን ደግሞ ሰውን አልፌው ሄጄ።

ከዚያም ጥያቄው መጣ። «ሁለተኛ ቦታ ላይ ያለው ኦ ኔጌቲቭ ነው?» ሰውየው ስም ብቻ ሆኖ ሲቀርብ ሁለተኛ ቦታው ላይ ያለው የስሙ ሁለተኛ ፊደል ነው። ማሽኑ አንዲት ፊደል አንስቶ ኦ ኔጌቲቭ ነሽ ወይ ብሎ ይጠይቃል። አይደለችም። ያልፋል። ከአሥራ ዘጠኙ አንዳቸውም በትክክል አልተጠየቁም።

መስመሮቹን በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። ቢ ፖዘቲቭ። ኦ ፖዘቲቭ። ኤ ፖዘቲቭ። እያልኩ ዓይኔ አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

እንድሪስ ይማም።

ኦ ኔጌቲቭ።

ስልክ፦ የለም።

ላፕቶፑ ጠፋ። ግድ አልሰጠኝም። ቀና ብዬ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። ጋሽ እንድሪስ፣ የበሩ ጥበቃ፣ ግራሩ ጥላ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ።

እየሮጥኩ ደረስኩ።

«ጋሼ! ጋሼ እንድሪስ!»

ደንግጠው ተነሡ። ሃምሳን የተሻገሩ፣ ቀጭን፣ ረጅም ሰው ናቸው። «ምን ሆንሽ ልጄ? እሳት ነው?»

«ያኔ ደምዎን ሲመረመሩ ትዝ ይልዎታል?»

«ያ ሰይድ የወጋኝ ጊዜ? ይለኛል እንጂ። ውጤቱን የነገረኝ የለም። ምነው፣ በሽታ ተገኘብኝ?»

«በሽታ የለብዎትም። ደምዎን የምትፈልግ ሴት አለች።» በሁለት ትንፋሽ ነገርኳቸው።

አቀርቅረው ሰሙኝ። «የማን ልጅ ናት?»

«አላውቅም ጋሼ። ከጨፋ ሮቢት ወዲያ ነች ብለውኛል።»

«ሰው ናት በቃ» አሉና ፎጣቸውን ከትከሻቸው አነሡ። ሁለት እርምጃ ሄደው ግን ቆሙ። ዞረው በሩን አዩት። «በሩስ? ዛሬ ተረኛው እኔ ብቻ ነኝ። ጁምዓም የቀረሁት ለዚሁ ነው። አማና፣ አደራ እኮ ነው ልጄ፤ ጥዬው እንዴት እሄዳለሁ?»

«እኔ እቆምልዎታለሁ።»

ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። ባለ ተረከዝ ጫማ ነው ያደረግሁት። ሳይስቁ ዱላቸውን ሰጡኝ። «እንግዲያ አጥብቀሽ ያዢው። ያለ መታወቂያ ማንም እንዳይገባ። የኮሌጁ ዲን ቢሆኑም።»

ሞተሩ ሐያትን አድርሶ ተመልሶ ነበር። ጋሽ እንድሪስ ከኋላ ተፈናጠው፣ አንድ እጃቸውን በሹፌሩ ትከሻ አድርገው፣ በአስፋልቱ ወደ ሆስፒታሉ ሲርቁ አየኋቸው። ስድስት ሰዓት ከሩብ ሆኗል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁለት ሰዓት በሕይወቴ ከቆምኩት ሁሉ ረጅሙ ነው። ዱላ ይዤ፣ ፀሐዩ አናቴን እየበላኝ፣ ስልኬን በየደቂቃው እያየሁ። የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ የጁምዓውን ስብከት፣ ኹጥባውን፣ አሰማ፣ ሶላቱ ተሰገደ፣ ሰው መመለስ ጀመረ። ተማሪዎቼ በር ላይ ሲያዩኝ ዓይናቸውን ማመን አቃታቸው። አንዱ «መምህር፣ የደረጃ ዕድገት ተሰጠዎት እንዴ?» አለኝና ጓደኞቹ በሳቅ ፈረሱ። «መታወቂያ!» አልኩት። አወጣ። የኮሌጁ ዲን በመኪና መጡ። መስኮቱን ዝቅ አድርገው «መዲና፣ ይህ ምንድን ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ወዲያው መኪናውን አጥፍተው ወረዱና ሌላኛው የበር ምሰሶ ጋ ቆሙ። ሁለታችንም መታወቂያ እያየን ቆምን።

ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ሰይድ ደወለ።

«መዲና።»

«እ…»

«መዲና፣ ደሙ ቆመላት።»

ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁትም። ዱላው ከእጄ ወደቀ። ዲኑ አንሥተው «ሂጂ፣ እኔ እጠብቃለሁ» አሉኝ።

ሆስፒታል ስደርስ ሐያት አንድ አልጋ ላይ ጋደም ብላ ብስኩት ትበላለች። «አልወደቅሁም መምህር» አለችኝ፤ ክፍል ውስጥ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ። ጋሽ እንድሪስ ክንዳቸው ላይ ጥጥ ተለጥፎ ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ለስላሳ ይጠጣሉ። አጠገባቸው የፋጡማ እናት ሕፃኗን ጠቅልለው ታቅፈዋል። ባልየው ግድግዳ ተደግፎ መሬት ላይ ቁጭ ብሏል፤ ፊቱን በሽርጡ ሸፍኖ ያለቅሳል።

ሰይድ «ሁለተኛው ደም ባይደርስ ኖሮ…» ብሎ ጀመረና የፋጡማን እናት አይቶ ተወው።

እናቲቱ እጄን ያዙኝ። «ኢንተለኮ፣ ኢንተለኮ» ይሉኛል። ልጄ ማለታቸው ነው፤ ያንን ያህል አውቃለሁ። ቀጥለው ብዙ ተናገሩ፤ አልገባኝም። ጋሽ እንድሪስን አየኋቸው።

«ደም የሰጡት ዘመዶቻችን የት ናቸው፣ ልመርቃቸው እያሉ ነው» አሉኝ።

«ዘመድ እንዳልሆናችሁ አልነገሯቸውም?»

ለስላሳቸውን ጠጡ። «ነገርኳቸው። ‹ደማችሁ ልጄ ውስጥ ገብቶ እንዴት ዘመድ አይደላችሁም?› አሉኝ።»

በመስታወቱ አሻግሬ ፋጡማን አየኋት። እድሜዋ ከኔ አይበልጥም። ዓይኗ ተከድኗል፤ ደረቷ ከፍ ዝቅ ይላል። ቆሜ ያንን ብቻ ስቆጥር ቆየሁ።

ይኸው ነው የሆነው። አሁን ምን ለወጠብሽ ትሉኝ ይሆናል።

አንደኛ፣ ከከሚሴ አልሄድኩም። ሁለት ዓመት ያልኩት ዘጠኝ ዓመት ሆነ። ኦሮምኛውንም ተማርኩ፤ ቢያንስ ሌላ ሰው ሳያስተረጉምልኝ የእናትን ምርቃት እሰማለሁ። በኋላም ትምህርቴን በጤና መረጃ ቀጠልኩ። ዛሬ ሥራዬ የቀበሌ ዝርዝር ተቀብሎ ክትባት የተከተበውን ካልተከተበው መለየት ነው። ቀን ሙሉ የማደርገው ዝርዝር ውስጥ ያለ ዝርዝር መክፈት ነው ማለት ነው፤ ያው «ፎር»፣ ያው «ኢፍ»።

ሁለተኛ፣ መልስ ሲመጣልኝ ዝም ብዬ አልቀበልም። ብዙዎቻችን የምንፈራው ማሽኑ ስሕተት ነው ብሎ የሚጮኽብንን ነው። እኔ ግን ያን ቀን ሁለት ጊዜ የተሳሳትኩት ማሽኑ አንድም ቃል ሳይተነፍስ ነው። አምስት ስም ሰጠኝ፤ አምስቱም ትክክል ነበሩ። የጎደለውን ግን አልነገረኝም። እናንተም እንደኔ ከዝርዝር ጋር የምትውሉ ከሆነ፣ የወጣላችሁን ስም ብቻ አትዩ። ስንቱን እንዳየ ጠይቁት። ቁጥሩ ካልገጠመ፣ ብትቸኩሉም ቆም በሉ። ያቺ ያልገጠመች ቁጥር ላይ መቆሜ ነው ጋሽ እንድሪስን ያስገኘልኝ። ደግሞም ጥፋቱ የማሽኑ አልነበረም፤ ሰዎቹን እንደዚያ የጻፍኳቸው እኔው ነኝ።

የጻፍኳቸው እኔ መሆኔን እንዳልረሳ ያደረገኝ ግን ራሳቸው ጋሽ እንድሪስ ናቸው። ሰኞ ጠዋት ቢሮዬ መጡ። በር ላይ ቆመው «አካም ቡልቴ፣ ደህና አደርሽ? ያ ማሽን አለ? ስሜ ያለበትን ልየው ብዬ ነው» አሉ። ወንበር ስቤ አስቀመጥኳቸው። ፋይሉን ከፈትኩና ኮሌጁን፣ የትምህርት ክፍሎቹን፣ ሴክሽኖቹን አንድ በአንድ እየከፈትኩ አሳየኋቸው። ማሽኑ እንዴት ስማቸውን ለብቻ፣ ደማቸውን ለብቻ፣ ስልካቸውን ለብቻ ሰው አድርጎ እንደቆጠራቸው ነገርኳቸው። ከልባቸው ሳቁ። «ስልክ እንኳ የለኝ፤ ‹የለም› የሚባል ሰው ሆንኩ በይኛ!» አሉ። ከዚያ ጥያቄ በጥያቄ ላይ አመጡብኝ፤ ማን ቀድሞ ይከፈታል? ባዶ ዝርዝር ቢያገኝስ? ሁለት እንድሪስ ይማም ቢኖሩስ? ከተማሪዎቼ አንዱም እንደዚያ ጠይቆኝ አያውቅም።

በመጨረሻ የድጋፍ ሰጪ ሠራተኞቹ ስሞች የተደረደሩበት ጋ ደረስን። ጋሽ እንድሪስ አማርኛ ማንበብ በመሠረተ ትምህርት ነው የተማሩት፤ ቀስ ብለው ያነባሉ። ከስሞቹ በላይ ለዝርዝሩ ያወጣሁለትን መጠሪያ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ።

«ሌ… ሎ… ች።» ቀና ብለው አዩኝ። ቅሬታ ፊታቸው ላይ የለም፤ የማወቅ ፍላጎት ብቻ ነው። «ሌሎች ነው የሚለው?»

«አዎ ጋሼ።»

«ከማን ሌላ?»